የጋሽ ይበቃል የፀሐይ ማጣሪያ

ፍሬም ሠሪው ሲወለድ የወጣለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ይበቃል ብሎ ነው። ይህን ስም ያተረፈው በገዛ አፉ ነው። የሠርግ ፎቶዋን ፍሬም ያሠራች ደንበኛ በግራ በኩል ዘመም ማለቱን ብታሳየው፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይልና አንገቱን ፍሬሙ ወደ ዘመመበት አዘንብሎ ሲያየው ይቆይና «ይበቃል» ይላታል። የሱቁ በር ሲዘጋ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው፤ ይበቃል። ጢሙን ሲላጭ አንዱ ጉንጩ ላይ የተወሰነ ይቀራል፤ ይበቃል። ስንፍና አይደለም። ነገር በመጠኑ ከተቃና የቀረውን ጊዜ ያቃናዋል የሚል የማይነቃነቅ እምነት ስላለው ነው። ደንበኞቹም አይቀየሙትም። ፎቶውን ቤታቸው ወስደው ሲሰቅሉት የዘመመው ፍሬሙ ይሁን ግድግዳው መለየት ስለማይችሉ፣ እርግማኑ ለግንበኛው ይተርፋል።

ሚስቱ የዓይን ክሊኒክ ነርስ ናት። እሷ ዘንድ ይበቃል የሚባል ነገር የለም። ጠብታው ሁለት ከተባለ ሁለት ነው፤ እጇን ስትታጠብ እስከ ክርኗ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን አገናኛቸው የሚሉ ነበሩ። መልሱ ቀላል ነው፤ እሱ ያስቃታል፣ እሷ ታርመዋለች፣ አንዳቸውም ሥራ ፈትተው አያውቁም። አብረዋቸው የነርሷ እናት ይኖራሉ። አማቱ ጥርሳቸውና ጉልበታቸው ቢደክምም ዓይናቸው ሞራው ከተገፈፈ ወዲህ የጭልፊት ሆኗል፤ ከመስኮት ሆነው ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያነብ ይናገራሉ።

ቴሌስኮፑ የመጣው በዕጣ ነው። ከሰፈሩ ሱቆች ትልቁ ለደንበኞቹ ዕጣ ሲያወጣ፣ አንደኛው ሽልማት ፍሪጅ፣ ሁለተኛው ቴሌስኮፕ ነበር። ነርሷ ፍሪጁ የሚቆምበትን የኩሽና ጥግ አስለቅቃ፣ ወለሉን ጠርጋ ጠበቀች። ፍሪጁ ለጎረቤታቸው ለፀጉር አስተካካዩ ወጣ። ጋሽ ይበቃል ረጅሙን ነጭ ቧንቧ ታቅፎ ሲገባ፣ አማቱ የጭስ ማውጫ መስሏቸው ግድግዳው በየት በኩል እንደሚበሳ ጠየቁ። ነርሷ ደግሞ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች አየችውና ምኑን እንደሚያቀዘቅዝ ጠየቀችው።

እሱ ግን እንደ ልጅ ደስ አለው። ሦስት እግር ያለውን ማቆሚያ ጣራው ላይ ባለው ሰገነት ተከለ፤ ሰማይን ሊያይ ተዘጋጀ። ያላሰበው አንድ ነገር ነበር፤ እንቅልፉ። ጋሽ ይበቃል ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ የሚጠልቅ ሰው ነው። በገዛ ሠርጉ እንኳ ኬኩ ሳይቆረስ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ፣ ሚዜው በክርኑ እየጎሰመ ነበር ያስጨረሰው። ኮከቦቹ ብቅ ብቅ ሲሉ እሱ ቴሌስኮፑ ሥር ኩርምት ብሎ ያንኮራፋል። ደጋግሞ ሞከረ፤ ፊቱን በውኃ ታጠበ፣ ቆሞ ጠበቀ፣ ቆሞም ተኛ። በመጨረሻ ሰማይ ላይ ካሉት ሁሉ በሥራ ሰዓቱ የምትገኘው ፀሐይ ብቻ መሆኗን ተረዳ። በዚያው ሰሞን ሬዲዮኑ በሚቀጥለው ወር የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚታይ ተናገረ። ጋሽ ይበቃል ይህን እንደ ግል ግብዣ ቆጠረው።

ሐሳቡን ለሚስቱ ሲያጫውታት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ባለፈው ግርዶሽ ማግስት የክሊኒኩ ወንበር ሁሉ ሞልቶ እንደነበር ነገረችው። ከታካሚዎቹ ውስጥ አንድ ጠበቃ ነበር፤ ጨዋ፣ የተማረ። የሰው ጆሮ ያያል፣ ፀጉር ያያል፤ መሐሉ ላይ ግን ጥቁር ነጥብ ተቀምጦበታል።

«ክፋቱ አያምም» አለችው። «ውስጡ ሲቃጠል ዓይን አያምም። ሰውዬው እያየ ምንም አልተሰማውም። በማግስቱ የልጁን ፊት ፈልጎ አጣው። እሱ ደግሞ በባዶ ዓይኑ ነው። በዚህ ቧንቧ ያ ሁሉ ብርሃን ተሰብስቦ አንድ ቦታ ነው የሚገባው፤ ዓይንህን እስክትጨፍን እንኳ አይጠብቅህም።»

ጋሽ ይበቃል ቧንቧውን በባዶው ወደ ፀሐይ እንደማያዞር ማለላት። ቃሉንም ጠበቀ። ግን «በባዶው» የምትለዋ ቃል መሐላው ውስጥ ቀዳዳ ሆና ቀረች፤ እሱም በዚያች ቀዳዳ ሾለከ። ባዶ ካልሆነስ? ፊቱ ላይ አንድ የሚያጠቁር ነገር ቢገጠምበትስ?

መጀመሪያ ከሱቁ መስታወት ቆርጦ በሻማ ጥላሸት አጠቆረው። ነርሷ ጣቷን አሳረፈችበትና ያሳረፈችበት ቦታ ጠራ፤ ጥቁሩን አፍንጫው ላይ ጠረገችበትና ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀጥሎ የዘፈን ሲዲ አመጣ። እሷም መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ እያሳየች ይሄኛው ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ነገሩ መጥቆሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ዓይን የማያየው ሙቀት በጥቁሩም አልፎ እንደሚገባ አስረዳችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማው ግን «ከዚህ የጠቆረ ፈልግ» የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ የአማቱ ራጅ ታሪክ ይመጣል። እኒህ ሴት ከብዙ ሳል በኋላ ደረታቸውን ራጅ ተነሥተው፣ ሐኪሙ ሳንባቸው የኮረዳ ሳንባ ነው ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ራጁ የቤቱ ጌጥ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሣጥን ይወጣል፤ በመስኮቱ ብርሃን ይያዛል፤ እንግዳውም የሚያየው ባይገባውም አድንቆ ይመልሳል። ጤነኛ ሳንባ በራጅ ላይ ጥቁር ነው፤ የአማቱ ደግሞ ጤንነቱ በሐኪም የተመሰከረለት። ጋሽ ይበቃል ጠርዙን ብቻ ሊቆርጥ አስቦ ነበር። ጠርዙ ጠባብ ሆነበት። በብርሃን ቢያይ ቢያይ እንደ ቀኙ ሳንባ ጥቁር የሆነ አላገኘም። ትልቁን ኩባያ አፉን ደፍቶበት በእርሳስ ዞረው፤ በመቀስ ቆረጠው፤ የቀረውን ፖስታው ውስጥ መለሰው። አምላክ ሲያተርፈው ያን ሳምንት ሰማዩ በደመና ተዘግቶ ሰነበተ፤ የተቆረጠችውም ሳንባ ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ ተለጥፋ ፀሐይን ሳታይ ዋለች።

አማቱ ሐኪም ቤት የክትትል ቀጠሮ የነበራቸው በዚያው ሳምንት ነበር። ነርሷ ይዛቸው ሄደች። ሐኪሙ ራጁን ከፖስታው አውጥቶ መብራቱ ላይ ሰቀለው። ከደረታቸው ቀኝ በኩል እንደ መኪና የፊት መብራት ያለ ነጭ ብርሃን ሐኪሙን ዓይን ዓይኑን ይወጋዋል። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«እማማ» አላቸው ረጋ ብሎ፣ «ከባለፈው ወዲህ ሌላ ቦታ ታክመዋል?»

አማቱ ቀዳዳውን አዩና ወዲያው ትንፋሽ አጠራቸው። ወንበር ያዙ፤ ቀኝ ጎናቸው ባዶ ባዶ እንደሚላቸው፣ እንዲያውም ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ይሰማቸው እንደነበር ተናገሩ። ነርሷ ግን ቀዳዳውን ጠጋ ብላ አየችው። ልኩ የኩባያቸው አፍ ልክ ነው። ክቡ መጨረሻው ላይ ከመነሻው ጋር ሳይገጥም ትንሽ ዘመም ብሏል። ያን መቀስ የያዘውን እጅ ለማወቅ አሻራ መፈለግ አላስፈለጋትም።

ማታ ራት ሳይቀርብ ፍርድ ተቀመጠ። ጋሽ ይበቃል ወንጀሉን አልካደም፤ እንደውም ሳንባዋ ያለ አንዳች ጉዳት ጣራው ላይ እንዳለች ገለጸ። አማቱ ለራሳቸው ሌላ ራጅ እንዲነሡ ተወሰነ። ነርሷ መቆጣት ጀምራ ሳቋ አመለጣት፤ እናቷ እንዳያዩባት ወደ ኩሽና ገብታ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ ሳቀች። ስትመለስ ፊቷ የሥራ ፊት ሆኖ ነበር።

«ብከለክልህ አትከለከልም» አለችው። «እኔ ሥራ ስገባ አንተ ጣራ ላይ ነህ። ስለዚህ ትሠራዋለህ። ግን በደንቡ። እኔ ሳልፈትነው ዓይንህን ብታስጠጋ በዚህ ቤት ውስጥ እኔን አታየኝም።»

በማግስቱ ክሊኒኩ ያለውን የዓይን ሐኪም ጠየቀችው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሠራ ስስ ፊልም እንዳለ፣ ከመቶ ሺህ እጅ ብርሃን አንዱን ብቻ እንደሚያሳልፍ፣ የሚገጠመውም ዓይን በሚጠጋበት በኩል ሳይሆን ፀሐይ በምትገባበት በፊተኛው አፍ ላይ መሆኑን ነገራት። በኋላው በኩል የሚገጠም ነገር በሙቀት ይሰነጠቃል። ፊልሙን ቴሌስኮፕ ከሚሸጥ ሱቅ አዘዙ። በክብ ካርቶን ተጠቅልሎ መጣ፤ ሲያዩት መስታወት፣ ሲይዙት የሽንኩርት ልጣጭ። አማቱ ለሥራው ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱን የጠየቁት ራሳቸው ናቸው፤ ሳንባ የተወሰደበት ሰው መብት አለው አሉ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ የተበላሸው በሙያው ምክንያት ነው። ጋሽ ይበቃል ሸራ መወጠር የለመደ እጅ አለው። አብሮ የመጣው መመሪያ ፊልሙ ላላ ይበል፣ መጨማደዱ አይጎዳም፣ መወጠሩ ግን ይጎዳል ይላል። እሱ ይህን የጻፈው ሰው ፍሬም ሠርቶ እንደማያውቅ ደመደመና፣ ፊልሙን ከበሮ እስኪመስል ወጠረው። «ጢቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ከጥጉ ተቀደደ። ዕድሜውን ሙሉ ላላ ያለ ነገር ሠርቶ ሲወቀስ የኖረ ሰው፣ ላላ አድርግ በተባለበት ቀን ወጠረ።

ሁለተኛውን በጥንቃቄ ጀመረ። ካርቶን እንደ ጥብጣብ ቆርጦ የቧንቧውን አፍ ዙሪያ ጠመጠመና በኮላ እያጣበቀ ቀለበት ሠራ። ፊልሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ እስትንፋሱን ይዞ፣ በሁለት የካርቶን ክቦች መሐል አጣበቀው። እውነት ለመናገር ያምራል። አማቱ ተቀብለው ወደ ጠረጴዛው መብራት ያዙትና ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«ኮከብ አለ» አሉ።

ጋሽ ይበቃል ምንም አይታየውም። እሳቸው በጥፍራቸው አሳዩት፤ የመርፌ ጫፍ የማትሞላ ቀዳዳ፤ መቀሱን ሲያነሳ ነክቶት ይሆናል። እሱም እንዲህ ያለችው ምንም እንደማታደርግ፣ ይበቃል ሊል አፉን ከፈተ።

«ልጄ» አሉት አማቱ፣ «እኔ በቀኝ ሳንባዬ ትልቅ ቀዳዳ ይዤ ለትንሽ ቀዳዳ ዋጋ የማላውቅ ይመስልሃል?»

አፉን ዘጋው። ከተረፈው ፊልም እንደገና ቆረጠ፤ በዚህኛው ጊዜ መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሌላ ክፍል አስቀመጠው።

ሦስተኛው ኮከብ አልነበረውም። አማቱ በመብራት፣ በመስኮት፣ ደግሞ በመብራት ካዩት በኋላ ለልጃቸው አስተላለፉት። ነርሷ ቧንቧው አፍ ላይ ገጠመችው፣ ጎንበስ አለችና ከጎኑ እፍ አለችበት። ማጣሪያው ወደቀ። ሰው እያየ ሳለ ነፋስ ቢነሣ ምን ሊሆን እንደሚችል አልተናገረችም፤ ወለል ላይ የተንጋለለውን ማጣሪያና የባሏን ዓይን በየተራ ማየቷ በቂ ነበር። ጋሽ ይበቃል ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ዋለ። ፍሬም ግድግዳ እንዳይቧጭር ከጀርባው የሚለጥፈውን ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ አምጥቶ የቀለበቱን ውስጥ ለበጠው፤ ገጠመ፣ ጠበበ፣ አወጣ፣ ቀነሰ፣ መልሶ ገጠመ። ከዚያ በላይ በፕላስተር ሁለት ጆሮ አበጀለትና ከቧንቧው ጋር የሚያስር ማሰሪያ ሠራ። ሚስቱ ስትመጣ ቴሌስኮፑን አፉን ወደ ታች ደፍታ እንደ ጆንያ አራገፈችው። አልወደቀም። ነፋችበት፤ አልተነቃነቀም። ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ከሌላ ሰው ምርቃት ይበልጣል።

የግርዶሹ ቀን ጠዋት ወሬው ደርሶ የሕንፃው ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩም ከፍሪጁ የቀዘቀዘ ውኃ በጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ከመጣም በኋላ ጠርሙሱን ጉንጩ ላይ እያስነካ ፍሪጅ ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያወራ ጀመር። ጋሽ ይበቃል ግን ሥራው ላይ ነበር። መጀመሪያ ማጣሪያውን ገጠመ፤ አማቱ አዩት፤ ነርሷ ነካችው። ከዚያ ወደ ፀሐይ ቀና ሳይል፣ የቧንቧው ጥላ መሬት ላይ እስኪያጥርና ክብ እስኪሆን ድረስ ቧንቧውን አዞረ፤ ጥላው ሲያጥር ቧንቧው ፀሐይን አግኝቷል ማለት ነው። ሰልፉ ተሰለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ማንም ሳይቀድመው ከቴሌስኮፑ ኋላ ቆመና፣ ከተራው በፊት ጀርባውን ሰጥቶ ለሰልፈኛው ስለ በረዶ ማስረዳቱን ቀጠለ።

ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ሰውዬው የሙያ ነገር ሆኖበት አፍንጫውን አነሣና ካውያ ሳልነቅል መጣሁ አለ። ወደ ደረጃው ሊሮጥ ሲል አማቱ በሩን ዘጉበት፤ ከማጅራቱ ቀጭን ጭስ እየወጣ ነበር። ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቁና ያን ሁሉ የተወራለትን ቀዝቃዛ ውኃ አንገቱ ላይ ደፉት።

ትልቁ ቧንቧ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ቧንቧ አለች፤ የሚታየውን ነገር ለማግኘት የምትረዳ። ትልቁን ሲያሳድዱ ሦስቱም ረስተዋት፣ ፀሐይን አንድ ላይ ሰብስባ በሰውዬው ማጅራት ላይ ታፈስ ነበር። ነርሷ ፊቷ ነጣ። ሁሉን የፈተነች እሷ ናት፤ ይህቺን ግን አላየቻትም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሕክምና ጓንት አውጥታ ትንሿ ቧንቧ ላይ አጠለቀች፣ በፕላስተር ደጋግማ አሰረች። ከዚያ የፀጉር አስተካካዩን ማጅራት መረመረችና ቆዳው እንዳልተነካ ነገረችው። ሰውዬው ይቅርታ ከመቀበሉ በፊት የጎደለው ፀጉር ከኋላ ምን እንደሚመስል መስታወት ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ሄደ። ፀሐይ ከአንድ ጎኗ ተነክሳ፣ ነጭ፣ ጸጥ ያለች ክብ ሆና ታየች። አንዱ ብስኩት ናት አለ። ሌላው ትንሽነቷ አሳዘነው፤ እስከዛሬ ያን ሁሉ ሙቀት ከየት ታመጣው እንደነበር ጠየቀ። አማቱ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። የፀሐይዋ ፊት ላይ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ማዲያት አለባት» አሉ ቀና ብለው። ሲሉት ድምፃቸው ውስጥ ሐሜትም እፎይታም ነበረበት።

ሰው ሁሉ አይቶ ሲጨርስ ጋሽ ይበቃል የቀረውን ሰው አየ፤ ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ነይ አላት። እጇ ርጥብ ነው አለች። ቀጥላ ሌሎቹ ይድገሙ አለች። ቀጥላ ደግሞ የደረቀ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ያን ጊዜ ገባው። ማጣሪያውን እፍ ብላበታለች፣ ደፍታ አራግፋዋለች፣ ከሰው ሁሉ በላይ ታምነዋለች፤ ግን ያንን ሁሉ ዓመት ጥቁር ነጥብ ይዘው የመጡ ሰዎችን ዓይን በመብራት ስታይ ኖራ፣ የራሷን ዓይን ወደዚያ ማስጠጋት አቃታት።

ጋሽ ይበቃል አላግባባትም፣ አልቀለደም። ሄዶ ማሰሪያውን እንደገና ነካካ። ማጣሪያውን በሁለት እጁ ዙሪያውን ያዘውና እዚያው ቆመ።

«ይዤዋለሁ» አላት። «እስክትጨርሺ አልለቅም።»

እሷም መጣች። በመጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ተጠጋች፤ ሁሉም አይቷል፣ የሳቀባት ግን የለም። ከዚያ ከፈተች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ቆየች። ኋላ ያሉት መድገም የፈለጉ ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አልሰማቻቸውም። ፀሐይ ቀስ በቀስ ከቧንቧው እይታ እያመለጠች ስትሄድ፣ ዓይኗን ሳታነሣ በእጇ ወደ ግራ እያመለከተች ግፋልኝ አለችው። ጋሽ ይበቃል አንድ እጁን ከማጣሪያው ሳያነሣ በሌላው ቧንቧውን በስሱ ገፋ።

ከዚያ ቀን በኋላ የዕረፍት ቀን ጠዋት ሰገነቱን የምትይዘው ነርሷ ሆነች። ነጠብጣቦቹ ከታዩበት ቦታ ተነቃንቀው እንደሚሄዱ፣ በየሳምንቱ ወደ ጠርዝ ተጠግተው እንደሚሰወሩ ያስተዋለችው እሷ ናት፤ ለእናቷም ወርዳ ትዘግባለች። ጋሽ ይበቃል ተራው ይደርስ እንደሆነ አንዳንዴ ይጠይቃል። ትንሽ ቆይ ትለዋለች። እሱም ቁርሱን በአንድ እጁ እየበላ፣ በሌላው ቧንቧውን ይገፋላታል።